ድንኳኑ ተዘጋጅቷል፤ ወረቀቱስ?

ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በጎንደር ከተማ ለምትገኙ የእድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎችና አባላት በሙሉ

ጉዳዩ፦ ኑዛዜና ጠበቃ ከለቅሶ በፊት እንዲታሰቡ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ ጤና ይስጥልኝ።

እኔም ከእናንተው ወገን ነኝ። አዘዞ በኩል ባለ አንድ ትንሽ እድር በጸሐፊነት ዓመታት ቆይቻለሁ። ጡረታ ሳልወጣ አስተማሪ ነበርኩ። ለጸሐፊነት የመረጡኝም "የእጅ ጽሑፉ ያምራል" ብለው ነው። ዛሬ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያው የእጅ ጽሑፍ ነው። ነገሩን ልንገራችሁ።

አስቀድማችሁ ግን የእድራችሁን ዕቃ ቤት አስቡት። ድንኳኑ አለ። አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው ሳይቀር ተቆጥሮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ጥሩንባ የሚነፋው ሰው ይታወቃል። ሰው በእኩለ ሌሊት ቢያርፍ ሲነጋ ድንኳኑ ቆሞ ታገኙታላችሁ። መቃብር የሚያስቆፍረው፣ ንፍሮ የምትቀቅለው፣ ለቅሶ ቤት የሚያድረው ሁሉ ተራው ተይዟል። የቀረን ነገር የለም ብለን ነበር የምናስበው። ለቀስተኛው ሲበተን፣ ወንበሩ ሲሰበሰብ፣ ልጆቹ ብቻቸውን ሲቀሩ ግን አንድ ጥያቄ ይመጣል። ቤቱስ? ያን ጊዜ እኛ የለንም። ድስታችንን ቆጥረን ሄደናል።

አርባው ሳይወጣ ጠበቃ ፍለጋ ይጀመራል። የተጣላ ሰው የሚፈልገው ጠበቃ ደግሞ የሚያስታርቅ ሳይሆን የሚያሸንፍለት ነው።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ነበሩ። ልጆቻቸው ዛሬም አሉና ስማቸውን አልጠራም። አንድ ቀን አመም አድርጓቸው አስጠሩኝ። ስደርስ የነፍስ አባታቸው ተቀምጠዋል። አንድ የእድራችን ሽማግሌም አሉ። "መምህር፣ እስቲ አንዲት ወረቀት ጻፍልኝ" አሉኝ። ቤታቸውን ለታላቋ ልጃቸው ሊያወርሱ ነው። ስንት ዓመት አብራቸው ኖራ ያስታመመቻቸው እሷ ናት። ከወንዶቹ አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ አንዱ አሜሪካ። አንዱ ደግሞ ልጅ ትቶ ከሳቸው ቀድሞ አርፏል።

ጻፍኩ። በጣም አሳምሬ ጻፍኩ። በስመ ሥላሴ ጀመርኩ። ኑዛዜውን ያፈረሰ ዘሩ እንዳይባረክ እርግማን ጨመርኩበት። ቀኑን አሰፈርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። እሳቸው አሻራቸውን አደረጉ። ቄሱ፣ ሽማግሌውና እኔ ፈረምን። ቡና ተፈላ፤ ተመረቅሁ፤ ወጣሁ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ወረቀቱ ፍርድ ቤት ቀረበ። ብዙ አልቆየም፤ ወደቀ። ዳኛው እርግማኑን ቁም ነገር ብለው አላዩትም። ምስክር ነው የቆጠሩት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 881 ላይ "በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ" የሚለው አለ። እኔ የጻፍኩት የዚህ ዓይነቱን ነው። ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ይችላል። እሱ እየተናገረ ሌላ ሰው ቢጽፍለትም ይሆናል። ግን በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው መፈረም ወይም አሻራ ማድረግ አለባቸው። እኛ 3 ነበርን። ደግሞ አነበብኩላቸው እንጂ "በፊታቸው ተነቧል" የምትለዋን መስመር አልጻፍኳትም። አንዷ ጉድለት ብቻ ትበቃ ነበር፤ እኔ ሁለቱንም አሟላሁ።

በነገራችን ላይ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሹም ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ምስክር ይበቃል። ቁጥር 882 ነው። ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ሴትዮዋን በባጃጅ ይዤ መሄድ አያቅተኝም ነበር።

ከዚህ የባሰው ጉድ ደግሞ በኋላ መጣ። ወረቀቱ ቢጸና እንኳ ሴትዮዋ ቤቱን በሙሉ ማውረስ አይችሉም ነበር። ቤቱን የሠሩት ከባላቸው ጋር ነው። ባልየው ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ኑዛዜ ሞተዋል። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው። ስለዚህ ግማሹ የባልየው ነበር። ባልየው በሞቱ ዕለት ያ ግማሽ ለልጆቻቸው አልፏል። ማንም አልተናገረም፣ ማንም አልተካፈለም፣ ግን አልፏል። ቀድሞ የሞተው ልጃቸው ድርሻም ለልጁ ሊሄድ ነው። ሕጉ ልጅ ቀድሞ ከሞተ የልጅ ልጅ በአባቱ ቦታ ይገባል ይላል። እና እኒያ እናት የእኔ ነው ብለው ሲናገሩት የነበረው ቤት ግማሹ ብቻ ነበር የሳቸው። ኑዛዜው ሲወድቅ ያም ግማሽ እኩል ለ4 ተከፈለ። ያስታመመችውም፣ በዓመት አንዴ የደወለውም አንድ አንድ ሩብ።

ሕጉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ጠበቃ አንድ ሰዓት ቢያያቸው ኖሮ ይህን ሁሉ ያኔ ይነግራቸው ነበር። "ካርታው በማን ስም ነው? ባለቤትዎ መቼ ሞቱ? የሳቸው ውርስ ተጣርቷል?" ሦስት ጥያቄ ነው። እኔ አንዱንም አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት "በቀይ እስክርቢቶ ልጻፈው ወይስ በሰማያዊ?" የሚል ነበር።

ልጅቷ ከዚያ በኋላ ያየችውን ደግሞ ስሙ። ጠበቃ ፍለጋ ወጣች። ማንን ታውቃለች? ፍርድ ቤት አጥር ስር ከረባት ያሰረና ፋይል የያዘ አንድ ሰው አገኘች። "የኔ እህት፣ ይሄማ በኪሴ ነው፤ አሸናፊ ነሽ" አላት። ቀብድ ተቀበለ። ደረሰኝ የለም፤ ውል የለም። የቀጠሮው ቀን አልመጣም። ስልኩም ዝግ ነው። ሲጣራ ሰውየው ጠበቃ አይደለም። ማመልከቻ ጸሐፊም እንኳ አይደለም። ደላላ ነው።

ማመልከቻ ጸሐፊዎችን ግን እንዳላማ። ስንቱ ምስኪን በነሱ እጅ ነው አቤቱታውን ያጻፈው። ነገር ግን ማመልከቻ መጻፍ ሌላ፣ ጥብቅና ሌላ ነው። ኑዛዜ ማርቀቅም እንደዚያው። የእጅ ጽሑፍ ማማር በቂ ላለመሆኑ ይኸው እኔ ምስክር ነኝ።

እንግዲህ ጠበቃ እንዴት ይገኛል? አሜሪካ ያለው የሴትዮዋ ልጅ በስልክ "ጋሼ፣ እናንተ ጋ የውርስ ብቻ ጠበቃ የለም እንዴ?" ብሎኝ ነበር። እዚያ አለ። ሥራው ኑዛዜ መጻፍ፣ ትረስት (ንብረት ለሌላ ሰው ጥቅም በአደራ የሚያዝበት መንገድ) ማቋቋም፣ ሰው ሲታመም ማን እንደሚወስንለት ወረቀት ማዘጋጀት ነው። ሰው በጤናው ሄዶ ያማክረዋል። እኛ ጋ ግን እኔ ያየኋቸው ጠበቆች ፍቺውንም፣ ውሉንም፣ የወሰን ክርክሩንም አብረው ነው የሚይዙት። ስለዚህ የበሩን ታፔላ አይታችሁ አትለዩም፤ በጥያቄ ነው የምትለዩት። ኑዛዜ አርቅቀህ ታውቃለህ? የውርስ ክርክር ይዘሃል? የከተማ ቤት ነው የገጠር መሬት? የገጠር መሬት የራሱ የክልል አዋጅ ስላለው በከተማ ቤት የበረታ ጠበቃ ሁሉ እዚያ አይበረታም።

ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ። እዚህ በክልላችን ፍርድ ቤቶች የሚቆም ጠበቃ ፈቃድ የሚያገኘው ከክልሉ ፍትሕ ቢሮ ነው። የፌዴራሉ ፈቃድ ሌላ ነው። ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ስድብ አይደለም። እውነተኛ ጠበቃ ሲጠየቅ አይቆጣም። ከተቆጣ ጫማችሁን አጥልቃችሁ ውጡ። የታደሰ መሆኑንም እዩ። "አሸናፊ ነህ" ብሎ የሚምል ሰው ካጋጠማችሁም እንደዚያው ውጡ። ያልተሰማ ነገር ውጤቱ አይታወቅም።

ከዚያ ውል። በጽሑፍ። የምከፍለው ለምንድን ነው? ኑዛዜ ለማርቀቅ ብቻ ነው ወይስ እስከ ክርክር? ይግባኝ ቢባል ሌላ ክፍያ አለው? የዳኝነት ክፍያውን ማን ይችላል? ቁርጥ ዋጋ ነው ወይስ ከሚገኘው ላይ በመቶኛ? ሰው "ኧረ ተወው፣ እንተማመናለን" ይላል። ከጠበቃ ጋር መተማመን ጥሩ ነው። ወረቀቱ ላይ ሲሰፍር ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። አንድ ጠበቃ ለወንድማማቾች ሁሉ ቢቆምስ? ከተስማሙ ወጪ ይቆጥባል። ከተጣሉ ግን እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ።

ገንዘብ የሌለውስ? የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የድህነት ማስረጃ ከቀበሌ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ይህን የሚያውቅ የእድር አባል ስንት ነው? ባለፈው ስብሰባችን ጠይቄ እጅ ያወጣው አንድ ወጣት ብቻ ነበር። እሱም እዚያ የተማረ ነው።

ለጠበቃው ባዶ እጅ አትሂዱ። የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ ቀድሞ የሞተ ካለ የሞት ማስረጃ፣ የባንክ ደብተር፣ ዕዳ ካለ የዕዳው ወረቀት። የሞት ምዝገባ ነገር እኛን ይመለከታል። ለቅሶ ቤት ቀድመን የምንደርሰው እኛ ነን። "ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ አስመዝግቡ" የምትል አንዲት ቃል ከእድሩ ዳኛ ብትወጣ ስንት ምልልስ ትቀንሳለች።

አሁን ድንኳን ስር ዘወትር የምጠየቀውን ልመልስ። ጠበቃ አይደለሁም። ከወደቀው ኑዛዜ በኋላ ኀፍረቴ ሕጉን አስነበበኝ፤ ጠበቃም አስጠየቀኝ።

"ሲሞት በቃሉ ተናዟል" የሚለው ከሁሉ ይበዛል። ይህ ጎንደር ነው። የሟች ቃል፣ ያውም በነፍስ አባት ፊት የተነገረ፣ ከብረት ይጠነክራል። ቃሉም ራሱ ያምታታናል። ኃጢአት ለካህን መንገርም ኑዛዜ ነው፤ ንብረት ማውረስም ኑዛዜ ነው። ሕጉ ግን የቃል ኑዛዜን በጣም አጥብቦ ነው የያዘው። መሞቴ ነው ያለ ሰው ለ2 ምስክሮች መናገር ይችላል። የሚናገረው ስለ ቀብሩ፣ ስለ ትናንሽ ልጆቹ አሳዳጊ፣ እና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ነው። በቃ። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ስንት ነገር ይገዛ እንደነበር አባቶቻችን ያውቃሉ። ዛሬ ለደህና ዶሮም አይበቃ። ሰውየው ድኖ ከተነሳና 3 ወር ከኖረ ደግሞ ያም የቃል ኑዛዜ ይቀራል። እና "ቤቴን ለእገሊት" ብሎ ያረፈ ሰው ቤቱን ለእገሊት አላወረሰም። ይህን ለአንዲት ሐዘንተኛ መንገር ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም። የነፍስ አባቶችም ይህን ደብዳቤ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። "ልጄ፣ ንብረቱን በወረቀት አድርገው" የሚለው ቃል ከነሱ አፍ ሲወጣ እኔ መቶ ጊዜ ከምናገረው ይሰማል።

ሁለተኛው፣ "በእጄ ጽፌ ዳዊቴ ውስጥ አስቀምጫለሁ" የሚል ነው። ይቻላል። ሙሉውን በራሱ እጅ መጻፍ አለበት። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ማለት አለበት። በየገጹ ቀንና ፊርማ ያስፈልጋል። ምስክር አያስፈልገውም። ሰው የማያውቀው ግን ይህ ነው። በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ቁጥር 903። ስንቱ ዳዊት ውስጥ ስንት የሞተ ወረቀት እንዳለ አስቡት።

ሦስተኛው ሲነገር ሁልጊዜ ጫጫታ ይነሳል። ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ባልም የሚስቱ አይደለም። ኑዛዜ ከሌለ ማለቴ ነው። ሚስት የጋራውን ንብረት ግማሽ ትወስዳለች፤ እሱ ውርስ ሳይሆን የራሷ ነው። የባሏ ግማሽ ለልጆቹ ይሄዳል። ልጅ ከሌላቸው ለአባትና እናቱ፣ እነሱ ከሌሉ ለወንድምና እህቶቹ። 30 ዓመት አብራ የኖረች ሴት ከባሏ ወንድሞች ጋር ቤት ልትካፈል ነው ማለት ነው። "ይሄማ አይሆንም!" ብሎ አንድ ሽማግሌ ተነስቶብኛል። ይሆናል፣ ጋሼ። ካልፈለጋችሁ ተናዘዙላት። ግን ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው አይናዘዙ። ሕጉ የሁለት ሰው ኑዛዜን በአንድ ጽሑፍ አይቀበልም። ለየብቻ ሁለት ወረቀት ይሁን። የትዳር ነገር በክልላችን በ1995 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው የሚታየው። ውርሱ ግን በፍትሐ ብሔሩ ነው።

ልጆችን በተመለከተ ብዙ አልልም። ወንድና ሴት እኩል ናቸው። ከትዳር ውጭ የተወለደ አባትነቱ ከተረጋገጠ እኩል ነው። የማደጎ ልጅም እንደዚያው። መተማ ወይም ሁመራ የተወለደ ልጅ ካለ፣ አባት ሆይ፣ በሕይወትህ ሳለህ ተናገር። ለቅሶ ላይ "እኔም ልጁ ነኝ" ብሎ የሚመጣ ሰው ጥፋቱ የሱ አይደለም። አንዱን ልጅ ለመንቀል የሚፈልግ ወላጅም አለ። በዝምታ አይነቀልም። በግልጽ መጻፍ፣ ምክንያቱንም መጻፍ አለበት። ምክንያቱም በቂ መሆን አለበት። ለአንዱ አብልጦ መስጠትስ? መንገድ አለው፤ ልክም አለው። ልኩን ማስላት የጠበቃ ሥራ ነው። የእድር ጸሐፊ አይሞክረው።

"ውክልና አለኝ" የሚለውም ብዙ ሰው ያሳስታል። እናት በሕይወት ሳሉ ለልጃቸው ውክልና ሰጡ። ሞቱ። ልጅ ውክልናውን ይዞ ባንክ ይሄዳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልና ከወካዩ ጋር ይሞታል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ከፍርድ ቤት የሚወጣ የወራሽነት ማስረጃ ነው። እሱም ቢሆን ወራሽ መሆንህን ነው የሚናገረው፤ ይህ ክፍል ያንተ፣ ያ የወንድምህ ብሎ አይከፍልም። መካፈል ሌላ ሥራ ነው። ከመካፈሉ በፊት ደግሞ የሟች ዕዳ ከውርሱ ይከፈላል።

የቀበሌ ቤትን ነገር በአንድ መስመር ልለፈው። የኪራይ ቤት ነው፤ ቤቱን በኑዛዜ ማውረስ አይቻልም። ጡረታም ውርስ ውስጥ አይገባም። የራሱ ሕግ አለው፤ ለሚስት ወይም ለባልና ለትናንሽ ልጆች በዚያ በኩል ይሄዳል።

አንድ ሌላ ነገር። "ከወዲሁ ለልጄ በሽያጭ አዙሬ ልገላገል" የሚል አባት ብዙ ነው። ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ በፊት የተያዘ መሬት ከሆነ ቆም ይበል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ መሬቱን በሊዝ እንደሚይዝ ይደነግጋል። በውርስ ሲያልፍ ግን ይህ አይመጣም። ስለዚህ "ሽያጭ" ብሎ የጻፈው ወረቀት ልጁን ክፍያ ውስጥ ሊከተው ይችላል። ውጭ አገር ያለ ልጅ ደግሞ ወራሽነቱ በርቀት አይጠፋም። ፓስፖርት ከቀየረ ግን ቤት ላይ የራሱ ጣጣ ስላለው ጠበቃ ሳያማክር አይንቀሳቀስ። ውክልናውን የኢትዮጵያ ቆንስላ ሄዶ ይፈርምና ይላክ። በቫይበር የተላከ ፎቶ አይሠራም፤ ተሞክሯል።

"ይሄ ሁሉ ምስክር፣ ይሄ ሁሉ ወረቀት የፈረንጅ ጣጣ ነው" ያለኝም አለ። ኧረ በጭራሽ። በዚህች ከተማ በነገሥታቱ ዘመን የመሬት ሽያጩ፣ ስጦታው፣ ኑዛዜው በየአድባራቱ ብራና ዳርና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ማን ለማን እንደሰጠ፣ በማን ፊት እንደተደረገ በስም ሰፍሯል። ታሪክ አጥኚዎች ዛሬ የጎንደርን የመሬት ታሪክ የሚያነቡት ከዚያ ነው። ቁስቋም ደጅ ያደገ ሰው እማኝና ወረቀት አዲስ ነገር ነው ቢለኝ አልሰማውም። የረሳነው እኛ ነን።

በሉ ወደ ጥያቄዬ። ከእናንተ የምፈልገው ገንዘብ አይደለም። በዓመት አንድ እሑድ ስጡኝ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ለወርኃዊ መዋጮ በተሰበሰብንበት፣ ፈቃድ ያለው አንድ ጠበቃ ይምጣና አንድ ሰዓት ያውራ። ሻይ እኛ እናፈላለን። ሌላው የአባልነት ቅጻችን ነው። የባል ስም፣ የሚስት ስም፣ የልጆች ቁጥር፣ ተጠሪ ይላል። እዚያ ላይ "ኑዛዜ ካለ የት ተቀምጧል?" የምትል አንዲት መስመር ትጨመር። ውስጡን ማንም አይጠይቅም፤ ቦታው ብቻ። ምስክርም እንስጥ። ድስት የምናውስ ሰዎች አራት ምስክር አናጣም። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ግን ምስክር አይሁን። ሁሉም የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ከሆኑም ክርክሩ ሲመጣ አንዱም ላይገኝ ይችላልና ጎልማሳ ይቀላቀልበት። እና እባካችሁ፣ እኔን የመሰለ ጸሐፊ ያላችሁ፣ ኑዛዜ አታስጽፉት።

የጎንደር ጠበቆችንም አንድ ነገር ልለምን። ለኑዛዜ ማርቀቂያ ቁርጥ ዋጋ አውጡና በር ላይ ለጥፉት። ሰው የሚፈራው ዋጋውን ስለማያውቅ ነው። ጠበቃ ቤት መግባት ለብዙዎቻችን መከሰስ ወይም መክሰስ ይመስለናል። ለምክር ብቻ መምጣት እንደሚቻል ንገሩን። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱም በከተማችን ፈቃድ ያላቸውን ጠበቆች ስም ዝርዝር በአንድ ገጽ አትሞ ለየእድሩ ቢሰጠን ዕቃ ቤታችን በር ላይ እንሰቅለዋለን። ያን ጊዜ ከረባት ያሰረው ሰውዬ ሥራ ይፈታል።

ያስታመመችው ልጅ አሁንም ጎረቤቴ ናት። ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። እሱ ነው የሚከብደኝ። ወንድሟ አዲስ አበባ ያለው ግን ለሙት ዓመቱ አልመጣም።

የራሴን ኑዛዜ ባለፈው ወር ጠበቃ አርቅቆልኛል። ባለቤቴም ለብቻዋ የራሷን አስረቅቃለች። የሚቀረው ተነቦ መፈረሙ ነው። ምስክር ሦስት አግኝቻለሁ፤ አራተኛው ጎድሎኛል። ከእናንተ መሐል ፈቃደኛ የሆነ ካለ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታችን ቡና አለ።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ እድር ጸሐፊ
አዘዞ፣ ጎንደር

ግልባጭ፦
ለጎንደር ጠበቆች
ለከተማው የፍትሕ መሥሪያ ቤት
ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት
ለየአጥቢያው የነፍስ አባቶች